ፊደል ቆጥሮ የቆመ ልጅ

«ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ይዞታል፤ ማንበብ ግን እምቢ አለው።» የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ካሏቸው ወላጆች እንደዚህ ተደጋግሞ የሚሰማ አቤቱታ የለም። ልጁ የፊደል ገበታው ፊት ቆሞ ሲያንበለብለው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። መጽሐፍ ተገልጦ አንድ መስመር ሲሰጠው ግን ይንተባተባል፤ ጣቱን ቃሉ ላይ ተክሎ የእናቱን ፊት ያያል። «ትናንት ታውቀው አልነበር እንዴ?» ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ትናንት ገበታው ላይ ያውቀው ነበር።

ፊደል በመቁጠርና በማንበብ መካከል ረጅም መንገድ አለ። በቤትም በትምህርት ቤትም ልጁን ብቻውን የምንተወው እዚያ ላይ ነው። በእኔ እምነት ያን መንገድ የሚያሻግረው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮው ነው፤ ቀድሞ የሰማው ቋንቋ፣ ቀድሞ የሰማው ተረት፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የተጫወተው ጨዋታ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች ያሉ ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ተመዝነው ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም ያልመለሱት ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፊደል ሳያዩ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። ከዚያ ምዘና በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። መልካም ሥራ ነው። እዚህ የምናየው ግን ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ነው።

ገበታው

ፊደላችን ለልጅ ቸርም ከባድም ነው። ቸርነቱ ታማኝነቱ ነው፤ «ቡ» የትም ቦታ ብትገኝ «ቡ» ናት፤ እንደ እንግሊዝኛ ሆሄ ከቃል ቃል ድምጿን አትቀያይርም። ክብደቱ ብዛቱ ላይ ነው። 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ ሲታከሉ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። በደቡብ ሕንድ የሚነገረው የካነዳ ቋንቋ ፊደልም እንደ እኛው በርካታ ነው። ተመራማሪዋ ሶናሊ ናግ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የዚያ አገር ልጆች ፊደል ለቅመው የሚጨርሱት በአንድ ዓመት አይደለም፤ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ የሚቀራቸው አለ። የአምስት ዓመት ልጁን ኬጂ አስገብቶ «እስከ ገና ፊደል ካልጨረሰ» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ወላጅ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በአገራችን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ ሰባት ዓመት ነው፤ ጊዜ አለ።

ብዛቱን የሚያቀለው ሥርዓቱ ነው። በአብዛኞቹ ፊደላት ካዕቡ ወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል፤ ቡ፣ ሉ፣ ኑ። ሣልሱ ቅጥያውን ወደ እግሩ ያወርደዋል፤ ቢ፣ ሊ፣ ኒ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ ቤ፣ ሌ፣ ኔ። ሰ አናቱ ላይ ሰረዝ ሲጨመርበት ሸ ይሆናል፤ ተም ቸ፣ ነም ኘ፣ ደም ጀ። ትልቅ ሰው ይህን ከለመደው ስለቆየ አይታየውም፤ ልጅ ደግሞ የሚነግረው ከሌለ 231 የማይተዋወቁ ሥዕሎች ይሆኑበታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ «በል ቀለበት ያሰሩትን ሁሉ ፈልግልኝ» ማለት ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ጩኸት ያስቀራል። ሥርዓት አልገዛ የሚሉት ሳድሱ (ብ፣ ል፣ ን) እና ሳብዑ (ቦ፣ ሎ፣ ኖ) ናቸው፤ እነሱ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሠ፣ ሐ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ይቆዩ። ልጁ ሰን ካወቀ ሠን መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኛት ይለምዳታል፤ በስድስት ዓመቱ «ንጉሡ ሠ ነው» ተብሎ የሚገሠጽበት ምክንያት አይታየኝም።

ፊደል የሚቆጠርበት ዜማ ሌላ ችግር አለው። «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ የሚወርድ ልጅ ዓይኑ የሚከተለው ቦታውን ነው። «ሊ»ን ብቻዋን ብታሳዩት ከ«ለ» ጀምሮ በሹክሹክታ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ፊደሉን ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ ከዚያም አዘበራርቀው የሚያስጠሩት ለዚህ ነው። ለቤት የሚሆን ዘዴ ልጨምር፤ ካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና አሮጌ ጋዜጣ ላይ እያንሸራተታችሁ «ይቺስ?» በሉት። ዜማው አያግዘውም፤ የሚያውቃትን ያውቃታል፣ የማያውቃት ትለያለች። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከሰለቸው ካርቶኑን ለእሱ ስጡትና እሱ ይጠይቃችሁ፤ አንዳንዴም ሆን ብላችሁ ተሳሳቱለት።

በቤተ ክህነቱ ትምህርት ውስጥ አሁንም ልንማርበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ፊደል የለየ ልጅ ወዲያው አንባቢ አይባልም። ቃሉን በቁጥር አንድ በአንድ ይጠራል፤ በግዕዝና በውርድ ንባብ ያልፋል፤ ቁም ንባብ ሲደርስ ነው ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ አነባበብ ለይቶ እንደ ሰው ንግግር የሚያነበው። የመካከሉ መንገድ ስም አለው፣ ደረጃ አለው፣ በየደረጃው አብሮ የሚቀመጥ መምህር አለው። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ገበታው እንዳለቀ ምንባቡ ይመጣል፤ መካከሉ ላይ ብዙ ጊዜ ማንም የለም።

ሦስት ፊደል፣ አንድ ትንፋሽ

የጎረቤታችን ልጅ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ፣ መጽሐፏን ይዛ መጥታ አጠገቤ ስታነብ «ልብስ» የሚለው ቃል ላይ ቆመች። «ል» አለች። «ብ» አለች። «ስ» አለች። አንዱንም አልሳተችም። «እና ምን ሆነ?» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። አፏ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘግቷል፤ ልብስ ግን ስንናገረው አፍ አንዴ ተከፍቶ የሚያልቅ ቃል ነው። ከአፏ የወጣው ነገር ከምታውቀው ቃል ጋር አልተገናኘም። እናቷ ግቢው ውስጥ የደረቀውን ከገመድ ላይ እያወረደች ነበር። «ሦስቱንም ቶሎ ቶሎ በያቸው፤ ከዚያ እማዬ ምን እንደያዘች እይ» አልኳት። ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ «ልብስ!» ብላ ጮኸች። ቀጥላ ያለችውን «ልብሷን» ሳትቆም አለፈቻት።

አብዛኛው የአማርኛ ንባብ ችግር እዚህ ሳድስ ላይ የተሰበሰበ ይመስለኛል። ሌሎቹ ድምፆች ገበታው ላይ እንደተጠሩት ቃል ውስጥም ይጠራሉ። ሳድስ ግን አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ድምፁ ይጠፋል፤ መቼ እንደሚሰማና መቼ እንደሚጠፋ ጽሑፉ ላይ ምልክት የለም። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ተመልከቱት፤ አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው። ልጁ አንድ በአንድ ሲቆጥረው አምስት ድምፅ ይሆናል፤ ስንናገረው ሁለት ነው። ይህን ቃል ደግሞ በየደብተሩ ሽፋን፣ በየመማሪያው መጀመሪያ ገጽ ላይ ነው የምንሰጠው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቃላቱ ተመርጠው ይሰጡት። ዶሮ፣ ሎሚ፣ ቆሎ፣ ጫማ፣ አበባ፣ ላሊበላ፤ እነዚህ ውስጥ ሳድስ የለም፤ ፊደሉን እንደቆጠረው ቃሉ ይወጣል። ማንበብ እንደሚችል የሚያምነው እነሱ ላይ ነው። ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ ሳድስ መጨረሻቸው ላይ ያለ ቃላት ይምጡ፤ ላም፣ በግ፣ ቤት፣ ወተት። ከዚያ ልብስና ብርድ ይከተሉ። ትምህርት ራሱ ቢዘገይ ግድ የለም።

ለዚህ የሚሆን ደብተር መግዛት አያስፈልግም። ሱቅ የሚላክ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ መማሪያ አለው። ከቁራጭ ወረቀት ላይ በትልልቁ «ሻማ፣ ሳሙና፣ ሎሚ» ብላችሁ ጻፉለትና ለባለሱቁ እሱ ያንብብለት። ሦስቱም ያለ ሳድስ ናቸው። ዝርዝሩን አንብቦ ዕቃውን ይዞ የተመለሰ ልጅ፣ ወረቀት ላይ ያለ ጭረት ሳሙና ሲያመጣ በዓይኑ አይቷል። በሳምንቱ «ፓስታ» ይጨመር፤ ስ መሀል ገብታለች፣ ፓስታን ግን በደንብ ስለሚያውቀው ይዘላታል።

የሚያውቀው ቃል መሆኑ ነው ቁልፉ። አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም አይጽፍም። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሰው ሳያስብ የመጀመሪያውን አጥብቆ፣ ሁለተኛውን አላልቶ ያነበዋል። «ቤት አለ» እና «እንሂድ አለ» ላይም እንዲሁ ነው። ይህን የሚነግረን ጽሑፉ ሳይሆን ስንሰማው የኖርነው ንግግር ነው። ልጅም እንደዚያው ነው፤ ፊደሉ ግማሽ ድረስ ይወስደዋል፣ የቀረውን ጆሮው ይሞላል። ጆሮው ባዶ ከሆነ የሚሞላው የለም።

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን በቀላል ሒሳብ አስቀምጠውታል፤ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን ወደ ድምፅ የመመለስ ችሎታ በቋንቋ ችሎታ ሲባዛ ነው አሉ። መደመር አላሉም። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አማርኛ ከሚማሩት ልጆች መካከል ፊደሉን ጥርት አድርገው ለይተው፣ አንድ ገጽ ድምፅ አውጥተው የሚወጡ አሉ፤ ምን እንዳነበቡ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ወላጅ ልጁ አማርኛ የቻለ ይመስለዋል። ጎበዞቹ ልጆች ናቸው፤ የጎደለው ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ነው። አገር ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ተናግሮ ያደገ ልጅ አማርኛ ክፍል ውስጥ ሲገባ ፊደሉ አብሮት ቢውልም ቃሉ እንግዳ ይሆንበታል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ ይጀምሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ተረቱን አትፈትኑት

ጆሮ የሚሞላው በተረት፣ በእንቆቅልሽና ለልጁ በሚነበብለት መጽሐፍ ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ሰብስበው ተረት ሲያወሩ የማንበብ ትምህርት እየሰጡ መሆናቸውን ያሰበ ሰው ጥቂት ነው። እየሰጡ ነበር። ተረት የሚሰማ ልጅ ከዕለት ንግግር የተለየ ቋንቋ ይሰማል፤ «ከዕለታት አንድ ቀን» ይሰማል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ በሚመጣ ግስ እስኪዘጋ መጠበቅ ይለምዳል፤ ዝንጀሮዋ ምን ልታደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል። መጽሐፍ ሲገልጥ የሚጠብቀው ያው ቋንቋ ነው።

ማንበብ የማትችል እናት ወይም አያት ይህን ሁሉ ማድረግ ትችላለች። ይህን አጥብቄ የምናገረው «እኔማ ያልተማርኩ ነኝ፣ ምን ላግዘው» ብለው ራሳቸውን ከልጃቸው ትምህርት ያወጡ እናቶችን ስለማውቅ ነው። ማታ እንጀራ እየጋገረች እንቆቅልሽ የምትጠይቅ እናት ልጇን ቃል እንዲመረምር ታስተምረዋለች። መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሥዕሉን እያየች «ይሄ ምን ሆኖ ነው? እሺ፣ ከዚያስ?» ትበለው። ልጁ አንባቢ፣ እሷ ሰሚ ትሆናለች። ሰሚ ያገኘ ልጅ ይተጋል።

ማንበብ የምትችሉ ደግሞ አንብቡላቸው። ከአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ምክር ከጨቅላነት ጀምሮ ይነበብላቸው የሚል ነው። የሚያነቡበት መንገድ ግን ለውጥ ያመጣል። ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ዝም ብለው ከማንበብ ይልቅ ልጁን እንዲያናግሩት፣ ያለውን እንዲያሰፉለት፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የማይመለስ ጥያቄ እንዲጠይቁት አሳዩአቸው። በአንድ ወር ውስጥ የልጆቹ የመናገር ችሎታ በተለመደው መንገድ ከተነበበላቸው ልጆች በግልጽ በልጦ ተገኘ፤ ከ9 ወር በኋላም ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም።

የእኛ ቤት ልማድ ወደ አንድ ጥያቄ ያደላል፤ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ተረቱ ሳያልቅ ልጁ መልሱን ያዘጋጃል፤ ስግብግብነት መጥፎ ነው፣ ትልቅ ሰው ይከበራል፣ ውሸት አይጠቅምም። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው ወደ ፈተና ተለወጠ፣ ልጁም ተረቱን ትቶ የእናንተን ፊት ማንበብ ጀመረ። ተረቱ ትምህርቱን ያለ እኛ ያደርሳል። «አንተ ብትሆን ቀበሮዋን ታምናት ነበር?» ብትሉት ይከራከራችኋል፤ ምክንያት ይደረድራል፤ «ግን እኮ» ይላል። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቤታችሁ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እንድትወስዱ እመርጣለሁ።

አንዱን መጽሐፍ ደጋግሞ ካመጣውም አትሰልቹ። በቃሉ የያዘውን ታሪክ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ «ይሄማ ሸምድዶት ነው» የሚሉ አሉ። ጆሮው የያዘውን ዓይኑ ፊደል ላይ እየፈለገው ነው፤ ልክ በሚያስፈልገው ሥራ ላይ ነው ያለው።

ስለ ቁንጥጫና ኩርኩም ዝም ማለት አልችልም። ሲሳሳት የሚቆነጠጥ ልጅ ቃሉን በትኩረት አያይም፤ የሚያየው እጃችሁን ነው። በፍርሃት የተያዘ ጭንቅላት ሳድስ ለማጣበቅ የሚተርፍ ቦታ የለውም። ሲሳሳት ጥቂት ዝም በሉ፤ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ስሜት ሳይሰጠው ሲቀር ራሱ ተመልሶ ያርመዋል፤ በራሱ ያረመው ነው የሚቀርለት። ካልቻለ ቃሉን ንገሩትና ታሪኩ ይቀጥል። ሲጨርስ «ጎሽ የኔ ጌታ!» በሉት። የኬጂ ልጅ ሌሊት እንቅልፉ እየመጣ አንድ ፊደል ገጽ ሙሉ እንዲገለብጥ የሚያደርገው የቤት ሥራም ከዚሁ ወገን ነው፤ እጁ ይደክማል እንጂ ንባብ አይማርም፤ መምህሩን በትሕትና ማነጋገር ተገቢ ነው።

መጽሐፍ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ በኋላም ሀዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ እየጫነ ወደ ልጆቹ ሲወስድ፣ ልጆቹ በብዛት ይመጡ ነበር። ችግሩ የልጆች ፍላጎት ማጣት እንዳልሆነ ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ሰው በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ስልክ ያለው ከግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የአማርኛ ሥዕላዊ ታሪኮች በነፃ ያወርዳል። ከሁለቱም የራቀ ወላጅ ደግሞ ራሱ ይሥራ፤ ልጁ የነገረውን ታሪክ በአራት ታጥፎ በተሰፋ ወረቀት ላይ እሱ እንዳለው፣ ቃሉን ሳታሳምሩ ጻፉለት፣ ሥዕሉን እሱ ይሣል። ከራሱ አፍ የወጣ ቃል ስለሆነ ለማንበብ ከሁሉም ይቀለዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስም አንድ አጭር መስመር የሚያቅተው ልጅ ይኖራል። መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታዩ፤ ሰሌዳ የማይታየው ወይም በአንድ ጆሮው የማይሰማ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ብዙ መምህራን ያውቁታል። ሁለቱም ደህና ሆነው፣ ልጁ በአፉ ንቁ፣ ታሪክ አዋቂ ሆኖ ሳለ ፊደልና ድምፅን ማገናኘት ብቻ ከከበደው፣ አንጎሉ ጽሑፍን የሚይዝበት መንገድ የተለየ ሊሆን ይችላል። ስንፍና አይደለም፣ የአእምሮ ጉድለትም አይደለም። ከእኩዮቹ የበለጠ ድግግሞሽ፣ ቀስ ያለ ቅደም ተከተልና አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ያ እስኪሆን ማታ ማታ የሚነበብለት አይቋረጥ፤ ደግሞም የትንሽ ልጅ መጽሐፍ ብቻ አትስጡት። የስምንት ዓመት ልጅ የሚማርከውን ረጅም ታሪክ በየምዕራፉ ከፋፍላችሁ አንብቡለት፤ ከየገጹ አንዲት አጭር መስመር ደግሞ ለእሱ ተዉለት።